ጠበል ውስጥ የከረመው የባሕር መለኪያ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ አስረድቼ ስጨርስ «ባሕሩ የት አለና?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ነው፤ የማስተምረው ደብረ ታቦር ነው፤ ከሁለቱም ቦታ ቆሞ ባሕር ያየ ሰው የለም። እኔም አይቼ አላውቅም። የባሕርን ውሃ የማውቀው ጨው መዝኜ፣ በባልዲ በጥብጬ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ከማዘጋጀው ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ የቢሮዬ በር ላይ «ወደብ» ብሎ በጠመኔ ጽፎብኝ ነበር። ሳቅሁለት፤ ጽሑፉንም አላጠፋሁትም።

የምሠራው መለኪያ ወፍራም ጧፍ ያህላል። ጫፉ ላይ ሁለት ኤሌክትሮዶች አሉት። አንደኛው የውሃውን ኮምጣጣነት ይቀምሳል፤ ሁለተኛው ሳይናወጥ ቆሞ ይመሰክራል። በሁለቱ መካከል የምትፈጠረው ጥቂት የኤሌክትሪክ ልዩነት ናት ቁጥር ሆና የምትወጣው። ዓለም ከሚያጨሰው ጭስ ከፊሉ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ የባሕሩም ውሃ በዚያ ምክንያት ቀስ በቀስ እየኮመጠጠ ነው። ለውጡ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ያን ለማየት መለኪያው ራሱ ዓመት ከዓመት ሳይዋሽ መቀመጥ አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ጨው ይበላዋል ብሎ ያስባል፤ መለኪያን የሚገድለው ግን ዝልግልግ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ፣ ድንጋይም ይሁን እንጨት፣ መጀመሪያ ያሟልጫል፤ ከዚያ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ከዚያ ጠጉር ያበቅላል። መለኪያው ያን ከለበሰ በኋላ ባሕሩን ትቶ የለበሰውን ይለካል።

ብዙ ዓመቴን የበላው ይህን ዝልግልግ የሚከላከል አንድ ቅብ ነው። የመለኪያውን ጫፍ በስሱ ይሸፍናል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ዝልግልጉን አያስጠጋም። ቢያንስ እንዲያ ይሆናል ብዬ ነው የቀመምሁት። በላቦራቶሪው ገንዳ ውስጥ ቅብ የሌለው መለኪያ በጥቂት ሳምንት ጠጉር ሲያበቅል፣ የተቀባው ንጹሕ ሆኖ ቆየ። ገንዳ ግን ገንዳ ነው።

ባሕር ዳርቻ ባለ አገር የሚኖር አንድ የጥናት አጋር አለኝ። ፊት ለፊት ተገናኝተን አናውቅም፤ በስልክና በኢሜይል ነው የምንግባባው፤ እኔ «የባሕሩ ሰውዬ» እለዋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ። በመጪው ክረምት ማለቂያ ቀይ ባሕር ላይ አንድ ተንሳፋፊ ጣቢያ ያቆማሉ። ዓመት ሙሉ ሰው አይደርስበትም። የአንድ ኮምጣጣነት መለኪያ ቦታ አለው። «ያንቺ መለኪያ ሰው ሳይነካው ውሃ ውስጥ ከከረመ ቦታው ያንቺ ነው፤ አንቺም ከጀልባው ጋር ትወጫለሽ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እልል አልሁ። የጎረቤት ቢሮ ሰው ማን ወለደ ብሎ መጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ሰው ሳይነካው፣ ሳይደርቅና ሳይደፈርስ ዓመት የሚፈስ ውሃ መፈለግ ሆነ። ወንዝ አይሆንም፤ በክረምት ጎርፍ ይወስደዋል፣ በበጋ ይደርቃል። በመጨረሻ ልጅ ሳለሁ እጠመቅበት የነበረው ጠበል ትዝ አለኝ። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወዲያ በእግር የሚደረስ ደብር ነው፤ ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከአለት ሥር ይወጣል። ክረምት ከበጋ መጠኑም ቅዝቃዜውም አይለወጥም። አለቱ ደግሞ አረንጓዴ ለብሶ እግር ያንሸራትታል፤ ለእኔ ቅብ ከዚህ የተሻለ ጠላት አይገኝለትም። የምንጭ ውሃ ከባሕር ጋር አንድ እንዳይደለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ምንጭ ላይ ያልጸና ነገር ባሕር ላይ አይጸናም።

የደብሩ አለቃ አባቴን ያውቋቸው ነበር፤ ሁለቱም ጋይንት ያለው ቤተ ልሔም ወርደው አብረው ዜማ የተማሩ ናቸው። ይህ ባይሆን ኖሮ የሚሰማኝም አላገኝም ነበር። ነገሩን ከጥንቱ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰሙኝና፣

«እንግዲህ ጠበሉን ልትለኪው ነው?» አሉኝ።

«ኃይሉን አይደለም፣ አባ። ኮምጣጣነቱን ብቻ ነው» አልኋቸው።

«እሱስ ይለካ። ኃይሉን እለካለሁ ብትይ ነበር የምፈራልሽ» ብለው ሳቁ።

ሥርዓቱን ነገሩኝ። ጫማ ይወልቃል። እህል የቀመሰ ሰው አይገባም። ሴት በልማዷ ሰሞን ከቅጥሩ አታልፍም። የቄስ ልጅ ነኝና ይህ ሁሉ አዲስ አልሆነብኝም፤ ባልወደውም አልተከራከርሁም። ስለዚህ በፈለግሁ ቀን ሄጄ የማየው መለኪያ አልነበረም። ከርቀት እንድከታተለው በየሰዓቱ አንድ ቁጥር ለስልኬ የሚልክ ባለ ሶላር ሳጥን አበጀሁለት።

ጠበሉን የሚጠብቁት አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ናቸው። ሰው ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። አጭር ናቸው፤ ሲናገሩ ሰውን አያዩም፣ የሚሠሩትን ነው የሚያዩት። ጎጇቸው ከምንጩ ራስጌ ስለሆነ ሳጥኑን ከደጃቸው ምሰሶ ላይ ሰቀልሁት። መለኪያውን ውሃው ውስጥ ያስገባን ዕለት እሳቸውም፣ አለቃውም፣ ጥቂት ካህናትም ቆመው ያዩ ነበር። «አደራ፣ ማንም እንዳይነካው» አልሁ። አንዴ ብቻም አላልሁም፤ እስኪሰለቻቸው ነው የደጋገምሁት። አለቃው በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አስጠነቀቁልኝ። እማሆይ ደግሞ በትራቸውን መሬት ላይ ነክተው፣ «እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይነካዋል!» አሉ። ልቤ አርፎ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ከመስቀል በኋላ ነበር ያስገባነው። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፤ ስልኬ ላይ ያለው መስመር ዝንፍ አላለም። ገበሬው ገብሱን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ሲያስገባ የእኔ መስመር እዚያው ነበር። በዐቢይ ጾም ጠበልተኛው ከወገዳና ከጋይንት ድረስ እየመጣ ሲጠመቅ መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። ለባሕሩ ሰውዬ በየወሩ እልክለታለሁ፤ እሱም የማያምነውን ነገር እንደሚያይ ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል። «ምን ቀባሽው?» ይለኛል። በልቤ እኮራለሁ። አልዋሽም፣ ሌሎች በዓለም ዙሪያ ሲደክሙበት የኖሩትን እኔ አንዲት የእስቴ ልጅ ፈታሁት ብዬ አስቤያለሁ። ጀልባው ላይ ዋና ለማይችል ሰው የሚንሳፈፍ ጃኬት ይሰጡ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። ይሰጣሉ አለኝ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ለእኔም መሆኑን አላወቅሁም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል መስመሩ አዘነበለ። መጀመሪያ ጥቂት ነው። ባትሪው ደክሞ ይሆናል አልሁ። ከዚያ የመስካሪው ኤሌክትሮድ ነው አልሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ነው አልሁ፤ ኔትወርክ ቁጥር ያዘገያል እንጂ ቁጥር እንደማይቀይር እያወቅሁ። የምወደውን ነገር ለማዳን ያላማሁት የለም። መስመሩ ግን በየቀኑ እየወረደ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ የውሃውን መኮምጠጥ ጠበልተኛው በአፉ ያውቀው ነበር። አንድ ሐሙስ ማለዳ ከደብረ ታቦር አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ከመካነ ኢየሱስ በኋላ ያለው መንገድ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሳልበላ ስለወጣሁ ሆዴ ይጮሃል። ደብሩ ስደርስ አለቃውን ሰላም ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ ወደ ምንጩ ወረድሁ። ገመዱን ስስበው እጄ አሟለጨኝ። መለኪያው አረንጓዴ ጠጉር ለብሶ ወጣ። ቅቡ ያለበት ጫፍ ከሌላው ገላው በምንም አይለይም። አለቱ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ስምንት ወር ንጹሕ የነበረ ነገር በጥቂት ሳምንት እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? የምንጩ ውሃ ተለውጦ ይሆን ብዬ አለቱን አየሁ፤ አለቱ እንደ ጥንቱ ነው።

እማሆይን በምንጩ ዳር ስላጣኋቸው ወደ ጎጇቸው ወጣሁ። መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ቀኝ እጃቸው ከክንዳቸው እስከ ጣታቸው በቀርከሃ ተደግፎ ታስሯል። ውሃ ሲቀዱ አለቱ ላይ አንሸራቷቸው ወድቀው ኖሯል፤ ወጌሻ አሽቶ አስሯቸዋል። እግዜር ይማርዎ አልኋቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ፤ የሚያፍሩ መሰሉኝ።

«ልጄ፣ አፈርሁብሽ። አየሽው አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማሆይ?»

«ዕቃሽን ነዋ! ዓርቡ አለፈኝ፤ ደግሞ አለፈኝ፤ ደግሞ አለፈኝ። በግራ እጄ ልሞክር ብዬ ያንን አለት መውረድ ፈራሁ። ለሰው እንዳልሰጠው ማንም አይንካው ብለሻል። ምን ላድርግ?»

ምን እያሉኝ እንደሆነ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ምናልባት ሳይገባኝ አልቀረም፤ እንዲገባኝ ግን አልፈለግሁም።

«ዓርብ ዓርብ ምን ያደርጉታል?»

«አጥበዋለሁ ነዋ። ሁለቱ ሰንበት ሳይገባ የጠበሉን ዕቃ ሁሉ አጥብ የለም? ቅሉን፣ ማሰሮውን፣ ያንንም አወጣና በግራዋ ቅጠል አሸት አሸት አድርጌ፣ አለቅልቄ እመልሰዋለሁ። ቶሎ ነው የምመልሰው። ደግሞ በለስላሳው ቅጠል ነው፤ አልቧጨርሁትም።»

«ማንም እንዳይነካው ብዬ አልነበር፣ እማሆይ?»

ከልባቸው ተገረሙ። «እና ማን ነካው?» አሉኝ።

ወጣሁ። መልስ ብሰጥ ክፉ ቃል ይወጣኝ ነበር፤ እኔ ስናደድ አፌን አላምነውም። ከቅጥሩ ውጭ አንድ ጥድ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። መጀመሪያ በእሳቸው ነበር የተናደድሁት። ቆይቶ ግን ንዴቱ የሚያርፍበት አጣ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም አይንካው የተባለን ዕቃ አገልጋዩ በየቀኑ ያነሣዋል፣ ይወለውለዋል፣ ይመልሰዋል። ማንም ማለት ከውጭ የመጣ ነው። ጠባቂ ማንም አይደለም። ይህ ከወተት ጋር የጠጣሁት ነገር ነው፤ ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሆን አንዴ ገልጦ ይነግራቸው ነበር። እኔም እሳቸውም አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሥርዓት ስለነበረን አልተጠያየቅንም። ስልኬን አውጥቼ የስምንቱን ወር መስመር አየሁ። አልፎ አልፎ ዓርብ ላይ አንዲት ነጥብ ዘልላ ትታያለች። አረፋ ነው ብዬ ያለፍኋት ነጥብ መለኪያው በእማሆይ እጅ ላይ የነበረባት ቅጽበት ኖራለች። ያ ሁሉ ጊዜ የለካሁት ቅቡን ሳይሆን እጃቸውን ነበር።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ መጣብኝ ብቻ ሳይሆን አጠገቤ ተቀምጦ ደብረ ታቦር ድረስ አብሮኝ ተጓዘ ማለት ይቀላል። መስመሩን እማሆይ ከመውደቃቸው በፊት ቆርጬ ብልከው፣ ከዚያ በኋላ መለኪያው ከውሃ ወጥቷል ብል፣ ማን ያውቃል? እማሆይ ኢሜይል አይጽፉም። የባሕሩ ሰውዬም እስቴ አይመጣም። ጀልባው ላይ እወጣለሁ፤ ባሕሩን አያለሁ። ዓመቱ ሲያልፍ መለኪያው ጠጉር ለብሶ ቢወጣ፣ ባሕር ክፉ ነው ይባላል፤ ባሕር ደግሞ ስሙን ለማደስ አይከራከርም። ግን ከጥዱ ሥር ተነሥቼ ልሰናበታቸው ስመለስ እማሆይ «ባሕር ስትደርሺ ጸልይልኝ በይልኝ» ብለውኝ ነበር፤ ባሕር አንድ ገዳም የሚመስላቸው ይመስለኛል። በእሳቸው እጅ ታጥቤ፣ በራሴ ቅብ ነው የነጻሁት ብዬ እንዴት ልሂድ? ቤት እንደገባሁ ሳልበላ ሳልጠጣ ቁጭ ብዬ ለባሕሩ ሰውዬ ሁሉንም ጻፍሁለት፤ ግራዋውንም ጭምር።

መልሱ በማግሥቱ በስልክ መጣ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልከፋኝም። ከዚያ እንዲህ አለ። ጀልባው እስኪወጣ ክረምቱ በሙሉ አለ። በዚህ ጊዜ መለኪያውን በእውነት ሰው ሳይነካው አንድ ጊዜ ልሞክር። ቢጸና ቦታው አሁንም የእኔ ነው። ባይጸና ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ይህ ከተገባኝ በላይ ፍትሐዊ ነበር።

ተመልሼ ሄድሁ። እማሆይ እጃቸው ተፈትቶ ነበር፤ ቀጥነውና ገርጥተው አገኘኋቸው። መለኪያውን አጥቤ አዲስ ቅብ ቀብቼ አምጥቻለሁ፤ ያሁኑ ግን አይታጠብም አልኋቸው። ለምን እንደሆነ አስረዳሁ። ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠበል ውስጥ ቆሻሻ አይከርምም።»

«ለጥቂት ጊዜ ነው፣ እማሆይ።»

«ለአንድ ቀንም አይሆን። ያንቺ ዕቃ ንጹሕ ሆኖ ከተቀመጠ መልካም። ጉድፍ ከያዘ ግን ወይ አጥበዋለሁ፣ ወይ ይወጣል። እኔ እኮ የቆምሁት ለዚህ ነው፣ ልጄ።»

ላሳምናቸው ሞክሬ ነበር። ድምፄም ከፍ ብሏል። እሳቸው ግን ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም፤ ማሰሯቸውን መወልወል ቀጠሉ። ነገሩ አለቃው ዘንድ ደረሰ። አለቃው እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁለታችንንም ሰሙ።

«እማሆይ ያሉት ልክ ነው» አሉ። «ጠበሉ ውስጥ አይሆንም። ግን ከቅጥሩ በታች ትርፉ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። ያው ውሃ ነው፤ ያው አለት ነው። ጠበል ግን አይባልም። እዚያ ይክረም።»

«ሰው ቢነካውስ፣ አባ? እዚያ ደግሞ ከብት የሚያጠጣው አለ።»

«እገዝታለሁ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ገዘቱ፤ ኩሬው ዳር ያለውን ዕቃ የነካ፣ ያስነካ፣ ሲነካም አይቶ ዝም ያለ የተወገዘ ይሁን ብለው። ሕዝቡ አሜን አለ። በሠለጠነው ዓለም ለጥናት ሲባል የሚደረግ ጥንቃቄ ብዙ ነው፤ በውግዘት የታጠረ መለኪያ ያለኝ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሕዝቡ ሊበተን ሲል እማሆይ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው ወደ አለቃው ቀረቡ።

«አባቴ፣ እኔንም ለይተው ይገዝቱኝ» አሉ። «ጠባቂ አይገባበትም ብዬ እንዳልዘነጋ። እጄን አላምነውም።»

አለቃው ለብቻቸው ገዘቷቸው። እማሆይ መስቀሉን ተሳልመው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ሄዱ። ያን ጊዜ ለእኔ ብለው ምን እንደተሸከሙ ገና አልገባኝም ነበር።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርዳል፤ የሶላሩ ሳጥን ፀሐይ ባገኘ ጊዜ ብቻ ነው የሚልከው። ቁጥር በመጣ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ አየዋለሁ። መጀመሪያ መስመሩ ቀጥ አለ። ቀጥ ሲል ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ፈራሁ። አለቃው አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። «ዕቃሽ ደኅና ነው፤ ማንም አልነካውም» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን ሳቅ እያሉ፣ «እማሆይ ዓርብ ዓርብ ከኩሬው ዳር ወርደው ይቀመጣሉ። እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ደብቀው ያዩታል። ከዚያ ተነሥተው ይሄዳሉ» አሉኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቆሻሻ እያዩ እጅን መሰብሰብ ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ነሐሴ ላይ መስመሩ ማዘንበል ጀመረ። ያለ ቅብ ከሚሆነው ዘግይቷል፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ለዓመት ግን አይበቃም። ደብረ ታቦር ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ መስመሩ ሲወርድ ቀን በቀን አየሁት። በመጀመሪያው ጊዜ ያደረግሁትን አላደረግሁም፤ ባትሪውንም፣ ኔትወርኩንም አላማሁም። አለመጽናቱን አወቅሁ። አዘንሁ፤ እውነቴን ነው እጅግ አዘንሁ። ለባሕሩ ሰውዬ ጽፌለት ቦታው ለሌላው ቡድን ይሁን አልሁት። እሱም አመሰገነኝ፤ ቅቡን አትተዪው፣ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ እንነጋገራለን አለኝ። ጀልባው ያለ እኔ ወጣ።

መለኪያውን ለማውጣት የሄድሁት ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ዓርብ ነው። እማሆይ ከኩሬው ዳር ነበሩ፤ አለቃውም በጭቃው ውስጥ በትራቸውን እየተመረኮዙ ወረዱ። ገመዱን ሳብሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ለብሷል። እማሆይ አንገታቸውን አቀርቅረው ቆሙ፤ ነጠላቸው ሥር እጃቸው ይንቀሳቀሳል።

«አለቀ እንግዲህ፣ አባ። ይፍቱልን» አልሁ።

አለቃው መስቀላቸውን አወጡ። ለእማሆይ «እግዚአብሔር ይፍታዎት» አሏቸው። እማሆይ መስቀሉን ተሳለሙና መለኪያውን ከእጄ ወሰዱት። የግራዋውን ቅጠል ቀድመው ቆርጠው ይዘው ኖሯል። ኩሬው ዳር በርከክ ብለው ያሹት ጀመር። የተሰበረው እጃቸው ገና ደካማ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ያርፋሉ። ላግዝዎ ስላቸው አይሆንም አሉኝ። አረንጓዴው በውሃው ላይ ተበትኖ ሄደ። አለቅልቀው፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው አይተው፣ መልሰው ውሃው ውስጥ አስገቡት።

ስልኬን አወጣሁ። ሳጥኑ በሰዓቱ ቁጥር ላከ። መስመሩ ተነሥቶ መስከረም ላይ ወደነበረበት ቁጥር ተመለሰ፤ ልክ እዚያው። ስልኩን ለእማሆይ አሳየኋቸው። ማየቱን አልፈለጉም፤ ዓይናቸው መለኪያው ላይ ነበር።

«አየሽ፣ እሱ ምንም አልሆነም» አሉኝ። «ጉድፍ ነው እንጂ ምን ሆነ? ለመሆኑ፣ ባሕሩ ጠባቂ የለውም?»

«የለውም፣ እማሆይ» አልኋቸው።